እውነት እንደ ንጋት በራሱ ይጠራልን? «ዘ ፊዩጂቲቭ» የተሰኘው ፊልምና የተዘጋ መዝገብ ጥያቄ

(በፋኩልቲው ሕዝባዊ የንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል። በንግግሩ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ብሂል የተበደለውን ሰው ሲያጽናና ኖሯል። ለሕግ ተማሪ ግን አንድ ጥያቄ ይተውለታል። ንጋት የሚጠራው ማንም ሳይደክምበት ነው፤ ለተኛውም ለነቃውም እኩል ይነጋል። እውነትስ እንዲሁ ነውን? በሐሰት የተፈረደበት ሰው እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥ እውነቱ በራሱ ጊዜ ይጠራለታልን? ወይስ የሚያጠራለት ሌላ ሰው ያስፈልገዋል? ካስፈለገውስ፣ ፍርዱ ከተሰጠና መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ ያ ሰው ማን ነው?

ዛሬ ማታ ይህን ጥያቄ የማነሣው በአንድ ልብ አንጠልጣይ ፊልም አማካይነት ነው። ፊልሙ በ1993 የታየው «ዘ ፊዩጂቲቭ» ነው፤ በአማርኛ «ኮብላዩ» ልንለው እንችላለን። ያዘጋጀው አንድሩ ዴቪስ ሲሆን፣ ዋናዎቹን ገጸ ባሕርያት ሃሪሰን ፎርድና ቶሚ ሊ ጆንስ ተጫውተውታል። ምርጥ ፊልም የሚለውን ጨምሮ በሰባት ዘርፎች ለኦስካር ሽልማት ታጭቶ ነበር፤ ያሸነፈው ግን በአንዱ ብቻ ነው። ያ ሽልማት የተሰጠው የተሳዳጁን ሳይሆን የአሳዳጁን ገጸ ባሕርይ ለተጫወተው ለቶሚ ሊ ጆንስ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምለው ሁሉ ወደዚሁ ሰው፣ ወደ አሳዳጁ የሚያመራ ነውና ይህን ነገር ልብ በሉልኝ።

ፊልሙን ላላያችሁ ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ሪቻርድ ኪምብል በቺካጎ ከተማ የታወቀ የደም ሥር ቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። አንድ ሌሊት ከሥራ ወደ ቤቱ ሲመለስ ከማያውቀው ሰው ጋር ይጋፈጣል፤ በትግሉም መካከል የሰውየው አንድ ክንድ ሰው ሠራሽ መሆኑን ይረዳል። ሰውየው ያመልጣል፤ የኪምብል ሚስት ሄለን ግን በተመታችው ምት ትሞታለች። ፖሊስ የባልየውን ቃል አያምንም። ቤቱ ተሰብሮ የተገባበት ምልክት የለም። ሟቿ ባለጸጋ ናት፤ ወራሿም ባሏ ነው። ነፍሷ ሳይወጣ ለፖሊስ በደወለችው ስልክ ላይ የባሏ ስም ይሰማል። ፍርድ ቤቱም ኪምብልን ጥፋተኛ ነው ብሎ የሞት ቅጣት ይወስንበታል።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። ከእነዚህ ማስረጃዎች መካከል በሐሰት የተፈበረከ አንድም የለም። በሩ በእውነት አልተሰበረም። ገንዘቡ በእውነት ይወረሳል። ስሙም በእውነት ተጠርቷል። እያንዳንዱ ማስረጃ ለብቻው እውነት ነው፤ ተደምረው የሰጡት መደምደሚያ ግን ሐሰት ነው። የተሳሳተ ፍርድ ሁልጊዜ ከሐሰተኛ ምስክርና ከጉቦ የሚወለድ ይመስለን ይሆናል። ፊልሙ የሚያሳየን ከዚህ የሚያስፈራ ነገር ነው፤ ይኸውም ቅን መርማሪ፣ ቅን ዐቃቤ ሕግና ቅን ዳኛ እውነተኛ ማስረጃ ይዘው በስሕተት ሊፈርዱ መቻላቸው ነው።

አሁን ወደ ልብ ማንጠልጠሉ ጥበብ ልሻገር። ታዋቂው የፊልም አዘጋጅ አልፍሬድ ሂችኮክ በድንጋጤና በልብ ማንጠልጠል መካከል ያለውን ልዩነት ሲያስረዳ የጠረጴዛ ሥር ፈንጂን ምሳሌ አድርጎ ነበር። ተመልካቹ ፈንጂ መኖሩን ሳያውቅ በድንገት ቢፈነዳ፣ የሚያገኘው የጥቂት ሰከንድ ድንጋጤ ነው። ፈንጂው መኖሩን እያወቀ፣ በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት ሰዎች ግን ሳያውቁ ሲጨዋወቱ ቢያይ፣ ለረጅም ደቂቃዎች ልቡ እንደተንጠለጠለ ይቆያል። እንግዲህ ልብን የሚያንጠልጥለው አለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ያወቁትን ለሚመለከተው ሰው መንገር አለመቻልም ነው።

«ዘ ፊዩጂቲቭ» የተገነባው በዚህ ሕግ ላይ ነው። ፊልሙ የኪምብልን ንጽሕና ገና ከመነሻው ያሳየናል። ስለዚህ «ገድሏል ወይስ አልገደለም?» እያልን አንጨነቅም። የምንጨነቀው እኛ የምናውቀውን ነገር ሥልጣን ያለው ሰው ስላላወቀው ነው። ዕውቀት በተመልካቹና በተፈረደበት ሰው ዘንድ አለ፤ ሥልጣንና የጦር መሣሪያ ግን በማያውቀው ሰው እጅ ነው። ይህ የድራማ ዘዴ ብቻ አይደለም፤ ያለ ጥፋቱ የታሰረ ሰው ሁሉ የሚኖርበት ሁኔታም ነው። እርሱ ያውቃል፤ ነገር ግን የእርሱ ማወቅ በሕግ ፊት ምንም ክብደት የለውም፤ ጥፋተኛውም እንዲሁ «አላደረግሁም» ይላልና።

ኪምብል የሚያመልጠው በራሱ ዕቅድ አይደለም። ወደ ወኅኒ የሚወስደው አውቶቡስ ውስጥ ሌሎች እስረኞች ለማምለጥ ሲታገሉ መኪናው ተንከባልሎ በባቡር ሐዲድ ላይ ይወድቃል። ባቡር እየመጣ ሳለ ኪምብል የቆሰለውን የወኅኒ ዘበኛ ከአውቶቡሱ አውጥቶ ያድነዋል፤ ከዚያም ይሸሻል። አዘጋጆቹ ይህን ትዕይንት በኖርዝ ካሮላይና ውስጥ እውነተኛ ባቡር ከእውነተኛ አውቶቡስ ጋር በማጋጨት ቀርጸውታል።

ከአደጋው በኋላ ሳሙኤል ጄራርድ የሚባል የፌዴራል ማርሻል ይመጣል። ማርሻል ማለት ከሌሎች ተግባሮቹ ጋር ያመለጡ እስረኞችን አድኖ የሚይዝ የፌዴራል መንግሥት የሕግ አስከባሪ ነው። ጄራርድ በቦታው ሲደርስ ከአደጋው የተረፈ አንድ ዘበኛ ኪምብል ሞቷል ብሎ እንደሚያምን ተናግሯል፤ የአካባቢው የፖሊስ ሹምም ነገሩን በዚህ ሊዘጋው ነው። በዚህ መካከል እግር ያልገባበት የእግር ብረት ይገኛል። ጄራርድም ለዘበኛው የሰጠውን ቃል ማረም ይፈልግ እንደሆነ ይጠይቀዋል። እንግዲህ ጄራርድን በመጀመሪያ የምናውቀው የተነገረውን ሳይመረምር የማይቀበል ሰው ሆኖ ነው። ታዲያ የዘበኛውን ቃል በጥርጣሬ የመረመረው ይህ ሰው፣ የፍርድ ቤቱን ቃል ግን ያለ አንዳች ጥርጣሬ ይዞ ይነሣል። ሁለቱም የሰው ቃል ነው፤ አንደኛው ግን ማኅተም አለው።

ወደ ግድቡ እንምጣ። ኪምብል በታላቅ ግድብ ውስጥ ባለ የውኃ መውረጃ ዋሻ ጫፍ ላይ ይደርሳል፤ ከፊቱ ገደል፣ ከኋላው ጄራርድ። ሚስቱን እንዳልገደለ ይነግረዋል። ጄራርድም ነገሩ ግድ እንደማይሰጠው ይመልስለታል። በፊልሙ ውስጥ ከተነገሩት ቃላት ሁሉ ይበልጥ የሚታወሰው ይህ ምልልስ ነው። ኪምብልም ወደ ገደሉ ይዘላል።

ብዙዎች ይህን መልስ የጭካኔ መልስ አድርገው ይሰሙታል። እኔ ግን አስቀድሜ ለጄራርድ ጥብቅና ልቁም። ማርሻል የተሾመው እስረኛን እንዲይዝ ነው፤ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን እንዲወስን አልተሾመም። ያ የሌላ ሰው ሥራ ነው፤ ተሠርቶም አልቋል። እያንዳንዱ ፍርድ አስፈጻሚ ያሳዘነውን እየለቀቀ ያስከፋውን እያሰረ ቢሄድ፣ ሕግ ሳይሆን የሹም ፈቃድ ይነግሣል። የሥልጣን ክፍፍል ያስፈለገውም ለዚሁ ነው። ደግሞም ክርክር መጨረሻ ሊኖረው ይገባል። ማለቂያ የሌለው ሙግት ለተበዳይም ለተከሳሽም ዕረፍት አይሰጥም። ጄራርድ ግድ አይሰጠኝም ሲል የሥራ ድንበሩን መናገሩ ነው፤ በዚህም ትክክል ነው።

ሆኖም ትክክል መሆኑ ነው የሚያስፈራው። መርማሪው «ማስረጃውን አቅርቤአለሁ፣ ፍርዱ የእኔ አይደለም» ይላል። ዳኛው «በቀረበልኝ ማስረጃ ፈርጃለሁ» ይላል። የይግባኝ ዳኛው «በሥነ ሥርዓቱ ላይ ስሕተት አላየሁም» ይላል። ወኅኒ ቤቱ «የተላከልኝን ተቀብያለሁ» ይላል። ማርሻሉም «ያመለጠውን እይዛለሁ» ይላል። አምስቱም እውነት ተናግረዋል። አምስቱም የሥራ ድንበራቸውን ጠብቀዋል። በአምስቱ ድንበሮች መካከል ግን ማንም የማይጠብቀው ባዶ መሬት ቀርቷል፤ ንጹሑ ሰው የሚሞተው በዚያ ባዶ መሬት ላይ ነው።

ታዲያ ፊልሙ ከዚህ እንዴት ይወጣል? የብዙ ፊልሞች ልማድ የአሳዳጁን ልብ በርኅራኄ ማራራት ነው። «ዘ ፊዩጂቲቭ» ይህን አያደርግም። ጄራርድ ለኪምብል የሚያዝን ሆኖ አናየውም። የሚለውጠው የገዛ ሥራው ነው። ኮብላይን ለመያዝ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ደግሞ ምን እንደሚፈልግ ማወቅ ግድ ነው። ኪምብል ለጠበቃው ስልክ ሲደውል ጠበቃው በሩቅ እንዳለ ያስባል፤ ነገር ግን የጄራርድ ቡድን የተቀዳውን ድምፅ ደጋግሞ አዳምጦ ከበስተኋላው የከተማይቱን ባቡር ድምፅ ይለያል። ሰውየው ቺካጎ ተመልሷል። የሞት ፍርድ ያለበት ሰው ማንም ወደሚያውቀው ከተማ ስለ ምን ይመለሳል?

ጥያቄዎቹ ይቀጥላሉ። ኪምብል የጽዳት ሠራተኛ መስሎ በአንድ የሕዝብ ሆስፒታል ውስጥ ሰው ሠራሽ አካል የተሠራላቸውን ሰዎች መዝገብ ይፈትሻል። በዚያው ሕይወቱ በአደጋ ላይ ያለ ልጅ ያያል፤ ሊያዝ እንደሚችል እያወቀ የልጁን ሕመም ለይቶ፣ ትእዛዙን ለውጦ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ያደርሰዋል። ጄራርድ ይህን ሲሰማ በእጁ ያለው መዝገብ ከሚነግረው ሰው ጋር አልገጥም ይለዋል። ገዳይ ስለ ምን እንዲህ ያደርጋል? በውሸት የፈጠረውን ባለ አንድ ክንድ ሰውስ ማን ይፈልጋል? ሰው ያልጠፋውን ነገር አይፈልግምና።

ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ኪምብል ፍሬድሪክ ሳይክስ የሚባለውን ባለ ሰው ሠራሽ ክንድ ሰው ቤት ያገኛል። ማስረጃውን ይዞ አይሸሽም። ከዚያው ቤት ለጄራርድ ይደውልና መስመሩን ሳይዘጋ ስልኩን ትቶት ይወጣል፤ አሳዳጁ ጥሪውን ተከትሎ መጥቶ ያንን ቤት በገዛ ዓይኑ እንዲያየው ነው። ተሳዳጁ አሳዳጁን ለምስክርነት ጠራው ማለት ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ለመረዳት የቀረበ ቃል አለን። በአገራችን የቆየ ልማድ አንድ ሰው «በሕግ አምላክ!» ተብሎ ሲጠራ የሚሸሸውም የሚያሳድደውም ይቆም ነበር። ይህ ቃል ለአሳዳጁ ብቻ የተሰጠ አልነበረም። ደካማውም በጉልበተኛው ላይ ይጮኸው ነበር፤ ሕግ ሁለቱንም እኩል ያስራልና። በዋሻው ውስጥ በሕግ ስም ያዘዘው ጄራርድ ብቻ ነበር። በሳይክስ ቤት ግን በክፍት የስልክ መስመር በሕግ አምላክ ያለው ኮብላዩ ነው፤ ማርሻሉም ቆመ። መቆም ማለት ማሳደዱን መተው አይደለም። ማሳደዱን ሳይተው መጠየቅ ጀመረ።

ጥያቄው ያመጣውን ታውቃላችሁ። ሳይክስ በአንድ የመድኃኒት ኩባንያ ጥበቃ ክፍል የሚሠራ የቀድሞ ፖሊስ ነው። ኪምብል የኩባንያው አዲስ መድኃኒት ጉበት እንደሚጎዳ ደርሶበት ነበር፤ የታመሙት ጉበቶች ናሙና ግን በጤነኛ ናሙና ተተክቷል። ጤነኞቹ ናሙናዎች ሁሉ ከአንድ ጉበት የተወሰዱ መሆናቸው ሲታይ ማታለሉ ይገለጣል። ከዚህ ጀርባ ያለው የኪምብል የቅርብ ወዳጅ ዶክተር ቻርልስ ኒኮልስ ነው። በዚያች ሌሊት የኪምብልን መኪና ተውሶ ስለ ነበር ቁልፉ በእጁ ነበር፤ በሩ ያልተሰበረውም በዚህ ምክንያት ነው። ወደ ሳይክስም የተደወለው ከዚያው መኪና ስልክ ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ይህን የስልክ መዝገብ አስቡት። በኪምብል መኪና ስልክ ወደ ሳይክስ መደወሉ ከግድያው ዕለት ጀምሮ በመዝገብ ላይ ተጽፎ የኖረ ነገር ነው። ኪምብል ሲከሰስም፣ የሞት ፍርድ ሲፈረድበትም፣ ወደ አውቶቡሱ ሲገባም ነበረ። በማንም አልተደበቀም። አንብቦ ትርጉሙን የጠየቀ ሰው ብቻ ነው የጠፋው። እውነት እያደር አልጠራም፤ እያደር አቧራ ለበሰ። የጠራው አንድ ሰው መዝገቡን ሲከፍተው ነው።

የፊልሙ ታሪክ ከምናብ ብቻ የመጣ ነውን? ፊልሙ የተወሰደው ሮይ ሃጊንስ ከፈጠረው ተመሳሳይ ስም ካለው የቴሌቪዥን ድራማ ነው፤ ድራማው ከ1963 እስከ 1967 በ120 ክፍሎች ታይቷል። ብዙዎች ድራማውን በኦሃዮ ግዛት ከሆነው ከዶክተር ሳም ሼፐርድ ጉዳይ ጋር አያይዘውታል፤ ሃጊንስ ግን ከዚያ አልወሰድሁም ይል ነበር። ግንኙነቱ ኖረም አልኖረ፣ የሼፐርድ ጉዳይ ለሕግ ተማሪ የሚጠቅም ንጽጽር ነው። ነፍሰ ጡር የነበረችው ሚስቱ ሐምሌ 4 ቀን 1954 በክሊቭላንድ አቅራቢያ በሚገኘው ቤታቸው ተገደለች። እርሱ ቤት ከገባ ሌላ ሰው ጋር ታግያለሁ አለ። የከተማይቱ ጋዜጦች ገና ከመታሰሩ በፊት ዘመቱበት። በዚያው ዓመት ተፈርዶበት አሥር ዓመት ያህል ታሰረ። በ1966 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፍርድ ሂደቱ በጋዜጦች ጫጫታ የተበከለ ስለ ነበር ፍትሐዊ አልነበረም ብሎ ፍርዱን ሻረው፤ በዚያው ዓመት እንደ ገና ተከሶ ነጻ ወጣ። በ1970 ግን ሞተ።

ልብ በሉ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ይህ ሰው አልገደለም» አላለም። ያለው «በተገቢው መንገድ አልተዳኘም» ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ልጁ አባቱ ያለ ጥፋቱ እንደታሰረ እንዲታወጅለት ከስሶ ነበር፤ በ2000 ተረታ። በፊልሙ ውስጥ እውነተኛው ገዳይ ተይዞ ሁሉ ነገር ይጠራል። በሕይወት ግን ሰው ነጻ ወጥቶም ሳይጠራለት ሊሞት ይችላል።

የምነቅፈውም ነገር አለኝ። ፊልሙ ያጽናናናል፤ ማጽናናቱም ከልክ ያለፈ ነው። ኪምብልን ያዳኑትን ነገሮች ቁጠሩ። አውቶቡሱ ባይገለበጥ ኖሮ ይገደል ነበር። ሐኪም ባይሆን ኖሮ ቁስሉን መስፋትም፣ በሆስፒታል ውስጥ ሳይታወቅ መዘዋወርም፣ የጉበት ናሙና ማንበብም አይችልም ነበር። የሚያምኑት የሥራ ባልደረቦች ባይኖሩት፣ ያልተማረና ድኻ ቢሆን ኖሮ የቱ በር ይከፈትለት ነበር? ንጽሕናው ብቻውን አላዳነውም። ንጹሕነት ሙያ አይደለም፤ ገንዘብም ወዳጅም አይሆንም።

ኪምብል በፊልሙ ውስጥ የተፈረደበት በኢሊኖይ ግዛት ነው። እውነተኛይቱ ኢሊኖይ የሞት ቅጣትን በ1977 ከመለሰች ወዲህ እስከ 2000 ድረስ 12 ሰዎችን በሞት ቀጥታ ነበር። በዚያው ጊዜ ውስጥ ሞት ተፈርዶባቸው የነበሩ 13 ሰዎች ፍርዳቸው ተሽሮ ተለቀቁ። የተለቀቁት ከተገደሉት በለጡ። አገረ ገዥው ጆርጅ ራያን በ2000 የሞት ቅጣት አፈጻጸምን አገዱ፤ በ2003 ከሥልጣን ሊወርዱ ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው ከ160 በላይ የሆኑ የሞት ፍርዶችን ለወጡ። በ2011 ግዛቲቱ ቅጣቱን ጨርሳ ሻረችው። እነዚያ 13 ሰዎች ባቡር አልተጋጨላቸውም። ያወጣቸው የተዘጋ መዝገብ እንደ ገና እንዲከፈት የደከመ ሰው ነው። የሚያሳስበኝ ግን እንዲህ ያለ ሰው ያልተገኘለት ነው፤ እርሱን ማንም አልቆጠረውም።

ሌላም ነቀፌታ አለኝ። ፊልሙ የሚያበቃው በፍርድ ቤት ሳይሆን በመኪና ውስጥ ነው። ጄራርድ የኪምብልን ካቴና ይፈታለታል፤ ለተጎዳው እጁም በረዶ ይሰጠዋል። ኪምብል ግድ አይሰጠኝም ብለህ አልነበር ወይ ሲለው፣ አሁንም እንደዚያው መሆኑን፣ ለማንም እንዳይናገር በቀልድ ይመልስለታል። ውብ ፍጻሜ ነው። ነገር ግን የፈረደው ፍርድ ቤት ተመልሶ አይታይም፤ ተሳስተናል የሚል አንድም ሹም የለም። ፍርድን በአንድ ቅን ሰው እጅ ማረም ደስ ያሰኛል፤ ሥርዓት ግን አይሆንም። ቅን ሰው በዚያ ቀን ሥራ ባይገባስ?

እንግዲህ ወደ ተነሣሁበት ጥያቄ ልመለስ። ፍርድ መጨረሻ ሊኖረው ይገባል፤ መጠየቅ ግን መጨረሻ ሊኖረው አይገባም። ሁለቱ የሚጣሉ ይመስላል እንጂ አይጣሉም። ጄራርድ እስከ መጨረሻው ድረስ ኪምብልን ማሳደዱን አልተወም፤ ትእዛዙን አልጣሰም፤ ሕጉን በገዛ ፈቃዱ አልለወጠም። ያደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሥራው ላይ ሳለ ዓይኑ ያየውን እንዳላየ አልሆነም። ያልገጠመውን ነገር አልገጠመም ብሎ ያዘው። ከእናንተ መካከል ነገ መርማሪ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ዳኛ፣ የወኅኒ አስተዳዳሪ የምትሆኑ አላችሁ። ሁላችሁም የሥራ ድንበር ይኖራችኋል፤ ድንበራችሁንም አክብሩ። ነገር ግን ከድንበራችሁ ማዶ ያያችሁትን የማይገጥም ነገር ለሚመለከተው ሰው ጽፋችሁ የማስተላለፍ ግዴታ ከየትኛውም ሹመት ጋር አብሮ እንደሚሰጥ አትርሱ። ሥርዓት ለምንሠራም ሰዎች ሥራው እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የሚቀበል፣ አንብቦም የተዘጋውን መዝገብ የመክፈት ሥልጣን ያለው ቢሮ መኖሩን ማረጋገጥ ነው።

ንጋት ያለ ማንም ድካም ይጠራል። እውነት የሚጠራው ግን መዝገቡን የሚገልጥ እጅ ሲያገኝ ነው።